የጋሻው ዕቃ ቤት

ጋሻው የሞተ ዕለት እኔ የሴቶች መኝታ ክፍል ኮሪደር እየወለወልኩ ነበር። ሰብለ ከካርድ ክፍል ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋዋለች፤ መስመሩ ግን ተዘግቷል።

«ምነው ሰብለ?» አልኳት።

«ደወልኩለት። ሴት አነሳችው። የማላውቃት ሴት ናት።»

«እና ምን አለችሽ?»

«መኪናው ላይ ተኩሰው ነው አለችኝ። የስልኩ ባለቤት ወንድምሽ ነው ወይ አለችኝ።»

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከርኩት፣ ጨመቅኩት፣ መልሼ ነከርኩት። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ በእርግጥ የነገረን ሰው የለም። አንዱ እነዚህ ናቸው ይላል፣ ሌላው የለም እነዚያ ናቸው ይላል። እኔ የማውቀው መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን እየተመለሰ እንደነበረና ጋሻው ከመስኮቱ ጋ ተቀምጦ እንደነበረ ነው።

ጋሻው የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ሆስፒታሉ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የጋሻው አገር አንኮበር ነው፤ ከጎረቤላ ከተማ ወረድ ብሎ። ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የማያወልቅ ሰው። በኪሱ ሁልጊዜ የባቄላ ቆሎ አለ። የመጣ ሰሞን በእርጥብ ወለል ላይ ሊያልፍ ሲል «ኢንጂነር፣ ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጥዎታል» ስለው ቆም አለና «እትዬ ብዙነሽ፣ አንቱ ካልሽኝ ያኔ ነው የምወድቀው» አለኝ። ስሜን ማን እንደነገረው እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት።

አንድ አመል ነበረው። ሰው ሲያስተምር ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ሰብለ ካርድ አውጪ ናት፤ እሷን ከጎኑ አስቀምጦ ሥራውን ሲያሳያት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ «ንኪው» ይላታል። እሷ ትነካለች፣ ይበላሻል፣ ትናደዳለች።

«አንተ ብትነካው እኮ አሁን ያልቅ ነበር!» ትለዋለች።

«ያልቅ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲበላሽስ? ከመቃብር ልትቀሰቅሺኝ ነው?»

«ሟርተኛ!»

«ንኪው ንኪው፣ አይነክስም።»

እኔ እሱን ያወቅኩት በልጄ በምሕረት ምክንያት ነው። ምሕረት ልቧን ያማታል። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ብርድ ነው ብለን ዝም አልን፤ ብርድ የሌለበት ቤት ደብረ ብርሃን የት አለና! ጉሮሮዋ ዳነ፣ በሽታው ልቧ ላይ ወረደ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መርፌ በየጊዜው ትወጋለች፣ የልብ ፎቶ እየቆየች ትነሳለች። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጎን አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም አለኝ፤ የልቧ በር እየጠበበ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሲስተያይ ነው።

አንድ ቀን ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ነካክቶ ነካክቶ «የድሮዎቹ የሉም» አለኝ።

«እንዴት አይኖሩም ዶክተር? እዚህ ነው እኮ የተነሳችው።»

«ሲስተሙ ውስጥ የሉም፣ እናቴ። ምን ላድርግሽ?»

ወጥቼ የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ያሉበት የማሽን ክፍል በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሻው በሩን ከፍቶ አየኝ። ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቆሎ ዘገነልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያስወራኝ።

«እትዬ፣ ተፈናቃይ አይተሻል?» አለኝ።

«ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ተፈናቃይ አላየሁም ልበልህ?»

«እንግዲያው ይገባሻል።» እጁን ዘርግቶ ሦስቱን ማሽኖች አሳየኝ። የሆስፒታሉ ፕሮግራሞች፣ የካርዱም የመድኃኒቱም የፎቶውም፣ እያንዳንዳቸው እንደ ሣጥን ታሽገው እነዚህ ማሽኖች ላይ ነው የሚሠሩት። አንዱ ማሽን ሲታመም ሣጥኑ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ወደ ሌላው ማሽን ይሄዳል፤ ሥራው እንዳይቆም ነው። «ግን እንደ ተፈናቃይ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ነፍሱን ብቻ ይዞ። ዕቃው የነበረበት ቤት ይቀራል። አዲሱ ቤት ሲገባ ባዶ ነው። የምሕረት ፎቶ አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ ጥሎት መጥቶ ነው።»

ሄዶ የታመመውን ማሽን ዲስክ ፈትሾ አገኘልኝ። ሁሉንም አገኘልኝ። እኔ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ግን ፊቱ ጠቆረ። «ዛሬ አገኘሁት» አለ። «ነገ የሌላ ሰው ልጅ ይጠፋል።»

ከዚያ ነው ዕቃ ቤቱን መሥራት የጀመረው። ዕቃ ቤት ብሎ ስሙን ያወጣው እሱ ነው። «አያቶቻችን ጦር መጣ ሲባል ልብሱንም ጌጡንም የት ነበር የሚያስቀምጡት? ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት። ሰዉ ይሰደዳል፣ ቤቱ ይቃጠላል፤ በሕይወት የተመለሰ ግን አደራውን እዚያ ያገኛል» ይል ነበር። ለብቻው የቆመ አንድ ማሽን አመጣ፣ ብዙ ዲስክ ደረደረበት፣ ከሦስቱ ማሽኖች ጋር በገመድ አገናኘው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ከየትኛው ማሽን ወደየትኛው ቢሄድ የሚከፍተው ያንኑ ዕቃ ቤት ሆነ። የሚጽፈውም እዚያ፣ የሚያነበውም ከዚያ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ አልወደደውም። እዚህ ማሽን ከምንገትር ውጭ አገር ካሉት ድርጅቶች ቦታ እንከራይ፣ በኢንተርኔት እናስቀምጠው ብሎ ነበር። እኔ ሻይ ሳቀርብ ሰማሁ፤ ጋሻው ድምፁን ሳያነሳ «ኔት በተዘጋ ጊዜ የሰው ልብ ቆሞ ይጠብቃል?» አለው። ሥራ አስኪያጁ ሻዩን ጠጣ። ኔት ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን ሳታውቅ የሰነበተችበት ጊዜ ነው።

ሲሠራው ቶሎ አላለቀም። ፕሮግራሞቹ ዕቃ ቤቱን አገኙት፣ ግን ፈቃድ የለንም፣ አንጽፍም አሉ። ሰብለ ሰለቻት።

«በቃ ለሁሉም ክፈተውና እንገላገል!»

«ለሁሉም የተከፈተ ዕቃ ቤት ስሙ ገበያ ነው» አላት።

ለመድኃኒቱ የመድኃኒቱን መደርደሪያ፣ ለፎቶው የፎቶውን፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን በር እየለየ፣ ቁልፉን ለሚገባው ብቻ እየሰጠ ጨረሰው። በመጨረሻም አንዱን ማሽን ሆን ብሎ አጠፋው። ሐኪሙ የምሕረትን ፎቶ ሲከፍት ፕሮግራሙ ወደ ሌላው ማሽን ሄዶ ነበር፤ ፎቶው ግን ተከፈተ። ጋሻው አልሳቀም። «ይኸ የጋራ ሆነ እንጂ ቅጂ የለውም» አለ። «ዕቃ ቤቱ ራሱ ከተቃጠለ ምንድነው የሚቀረን?» ለቅጂ የሚሆን ሌላ ማሽን ጠየቀ። በሚቀጥለው በጀት አሉት። ቀጥሎም ጠየቀ፤ አሁንም በሚቀጥለው አሉት።

ደብረ ብርሃንን የማያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ነገር አያምነኝም። ብርዳችን አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸትታል። በሆስፒታሉ ውስጥ ሙቀት ያለው ክፍል የማሽን ክፍሉ ብቻ ነው። እና ሁላችንም እዚያ ማስጣት ለምደን ነበር፤ ካልሲ የሚያሰጣ አለ፣ ነጠላ የሚያሰጣ አለ። ጋሻው ሲያየን «ይኸ የልብስ ቤት አይደለም» እያለ ያባርረናል፤ እኛ ደግሞ ዘወር ሲል እንመለሳለን።

አንድ የዝናብ ሰሞን ጋሻው ለአጎቱ ተዝካር ጎረቤላ ወረደ። ጋሽ አየለ ዘበኛችን ናቸው፣ የመንዝ ሰው፣ በርኖሳቸው ከትከሻቸው አይወርድም። ያን ቀን ዝናቡ በርኖሱን አበስብሶት ገቡ። ሙቅ አየር የሚወጣው ከዕቃ ቤቱ ማሽን ጀርባ ነው፤ እሳቸውም በርኖሱን አምጥተው በደንብ አድርገው እዚያው ላይ ደረቡት። የበግ ጠጉር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ንፋስ አያስገባም፤ ለዚያው አይደል የሚለበሰው። ማሽኑ ታፈነ። ሲጮህ የሰማው ሰው የታካሚ መሣሪያ ነው ብሎ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከየት እንደሚጮህ እስኪታወቅ ቆየ።

ጋሻው ተጠርቶ መጣ። ገብቶ አየ። በርኖሱን ከማሽኑ ላይ አነሳው፤ ዳሰሰው፤ ለጋሽ አየለ እያቀበለ «ደርቋል» አላቸው።

«ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«በረደዎት እንጂ ምን አጠፉ።»

ሥራ አስኪያጁ ማነው ያበላሸው ብሎ ሲፎክር «ሙቀት ነው» አለና አለፈው። ከዚያም በኮሪደሩ፣ የክፍሉ ሙቅ አየር በሚወጣበት ፊት ለፊት፣ ምስማር መትቶ ገመድ ወጠረልን። ገመዱ ዛሬም አለ።

ግን አንዱ ዲስክ ሞቶ ነበር። ሌላው ደግሞ ያቃስት ነበር፤ እሱ ነው ያቃስታል ያለኝ፣ እኔ ድምፁን አልሰማሁም። «ዲስኮቹ ሕመምተኛ በቃሬዛ እንደሚሸከሙ ሰዎች ናቸው» አለኝ። የአንኮበር ሰው ነው፤ ገደል ለገደል በሽተኛ ተሸክሞ መንገድ ማውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። «አንዱ ሲደክም የቀሩት ይይዙታል። ሁለተኛው ከጣለ ግን በሽተኛው ገደል ነው።» ወደ ሌላ ልቅዳው ቢል ያቃሰተው ብዙ ከሠራ ይሞታል፤ ልተወው ቢል መቼ እንደሚሞት አይታወቅም። አጠፋውና «አዲስ ዲስክ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው» አለ። ሆስፒታሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪሞች ሊመጡ ነበር፤ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይተው ተራ ሊሰጡ። ሐኪማችን «ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉትን ፎቶዎች ካላዩ አይወስኑም» ብሎኛል። ፎቶዎቹ ደግሞ የተኛው ማሽን ውስጥ ናቸው። ምሕረት ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ እየቆመች «እማ፣ ትንሽ ልረፍ» ማለት ጀምራ ነበር።

ጋሻው አዲሱን ዲስክ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በመኪና አስልኮ ነበር፤ ሌላ ዓይነት ላኩለት። በሁለተኛው ጊዜ ራሱ ሊያመጣ ተነሳ። ጠዋት በር ላይ አገኘሁት፣ ያንኑ ሹራብ ለብሶ።

«ይቅርብህ ጋሻው። መንገዱ ደህና አይደለም እያሉ ነው።»

«መንገዱ መች ደህና ሆኖ ያውቃል፣ እትዬ?»

«ሌላ ሰው ያምጣው።»

«ሌላ ሰው አምጥቶ አየነው አይደል? እኔ ሙሽራዬን ሳላይ አላገባም።»

«አንተ ደግሞ፣ መች አገባህና!»

ሳቀ። «የምሕረት መርፌ እንዳያልፋት» አለኝና ሄደ። ቢሄድም ፈራሁ፣ ቢቀርም ፈራሁ። መነኸሪያው ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት።

ዲስኮቹን ያመጣችልን ያቺ ስልኩን ያነሳችው ሴት ናት። አንሶላ ነጋዴ ናት፤ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። የዲስኩን ቦርሳ አቅፋ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ «ይኸ የእናንተ ነው መሰለኝ» አለች። ነጠላዋ ላይ ደም አለ። ግቢ ውሃ ጠጪ ብንላት እምቢ አለች። «ሁላችሁም ተኙ ሲባል ተኛን። ስንነሳ እሱ አልተነሳም» አለች።

ቀብሩ አገሩ፣ አንኮበር፣ ነበር። ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶት ሰው ሰውን አያይም። እናቱ አላለቀሱም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩናል። እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ የኔ ልጅ ሥራው ምን ነበር? ይነግረኝ ነበር፣ አይገባኝም ነበር እንጂ» አሉኝ።

«የሰው አደራ ይጠብቅ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ የኔን አደራ ማን ጠበቀልኝ?»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ስንመለስ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ሌላ ባለሙያ እስኪመጣ ማሽኑ አይነካ አለ። የትኛው ባለሙያ በዚያ መንገድ ይመጣል? ሰብለ ቦርሳውን አንስታ ወደ ማሽን ክፍሉ ገባች። ጋሽ አየለ በሩ ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ሊገባ ሲል «ልጅቷ ሥራ ላይ ናት» አሉት። የሞተውን ዲስክ አወጣች፣ አዲሱን አስገባች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የምትሠራው። የቀሩት ዲስኮች ያላቸውን ለአዲሱ እያካፈሉ ነው አለችኝ፤ ይኸ እስኪያልቅ ያቃሰተው መቆየት አለበት። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ለብረት መጸለይ ነውር ይሁን አይሁን አላውቅም። ያቃሰተው ዲስክ ቆየልን። ሲያልቅ እሱንም በሁለተኛው አዲስ ዲስክ ተካችው፤ ዕቃ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ሦስቱን ማሽኖች አስከትላ አስነሳች። የምሕረት ፎቶዎች ሁሉም አሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የልብ ሐኪሞቹ መጡ፤ ፎቶዎቹን በተርታ ደርድረው አዩ። ትልቁ ሐኪም መነጽሩን አወለቀ።

«በሩ በጣም ጠቧል። የቅርቡን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ትቆይ እል ነበር። አካሄዱን ሳየው ግን መቆየት የለም። አዲስ አበባ ትግባ፣ በዚህ ሳምንት።»

«እዚህ አይሆንም፣ ዶክተር?»

«አይሆንም እናቴ። መሣሪያውም የለም።»

«በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

ያልገባው መሰለኝ። «በመንገዱ ነዋ» አለኝ።

ይህን የማወራው አዲስ አበባ ሆኜ ነው፤ ምሕረት ተራዋን ትጠብቃለች፣ እኔ አልጋዋ ሥር ተቀምጫለሁ። ስለ ቀዶ ጥገናው ጥሩም መጥፎም አልሰማሁም። ሰው ስለ ጋሻው ሲጠይቀኝ ደግ ነበር ብዬ አላልፍም፤ ደግ ብዙ አለ። እሱ የሰው ነገር እንዳይጠፋ የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ጭንቀቱን ወደ ሥራ የሚለውጥ። እኔ ጭንቀቴን ወደ ምንም መለወጥ አልቻልኩም፤ ተሸክሜው እዞራለሁ።

የመጣን ዕለት ጋሻው የተመታበት ቦታ ጋ ስንቃረብ መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ። ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። ከፊታችን የተቀመጡት የአልዩ አምባ ነጋዴ ቀስ ብለው «ያ ረቢ፣ አንተ ጠብቀን» አሉ፤ ከኋላ አንዲት ሴት አማተበች። ምሕረትን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ መሃል አዛውሬያት ነበር፤ መስኮቱ ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ውጭውን አየሁ። ገብስ ነው። አንድ ሰው አረም ይነቅላል፤ ቀና ብሎ መኪናውን አየና መልሶ አጎነበሰ። ድንጋይ የለም፣ ምልክት የለም፣ ምንም የለም።

ምሕረት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ስትተነፍስ ደረቷ ሲንኳኳ በሹራቧ በኩል ይሰማኛል።

«እማ፣ ጋሽ ጋሻው የሞተበት የት ጋ ነው?»

«ገና ነው» አልኳት። «ተኚ።»

ካለፍነው ቆይተን ነበር።